የዕፅዋት ለቃሚው የሺምፐር ታሪክ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን የአንድ ዕፅዋት ለቃሚ ታሪክ ለመጻፍ የመረጥሁት፥ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የምንኖር ተማሪዎች በክረምት በየጨፌው የሚበቅለውን ኦርኪድ ለይተን ለማወቅ ስንጀምር የዚህን ሰው ስም ማግኘታችን ስለማይቀር ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዊልሄልም ሺምፐር በ1804 በጀርመን አገር ተወለደ። በወጣትነቱ ወታደር ነበረ። ኋላ ግን በኤስሊንገን ከተማ የተቋቋመ አንድ ማኅበር ዕፅ እንዲለቅም ወደ ሩቅ አገር ላከው። የማኅበሩ አባሎች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በለውጡም የደረቀ ዕፅ ይደርሳቸዋል። ሺምፐር በሲናና በሂጃዝ ከለቀመ በኋላ በ1837 ወደ አገራችን መጣ፤ እስኪሞትም ድረስ ኑሮውን እዚሁ አደረገ። ኢትዮጵያዊት አገባ፤ ደጃዝማች ውቤም እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት። በ1855 ደጃዝማች ውቤ ድል ሲሆኑ ሹመቱ ቀረበት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዕፁን ከነሥሩ ነቅሎ በወረቀት መካከል እየተጫነ ያደርቃል፤ እርጥቡን ወረቀት በደረቅ ይለውጣል፤ የተገኘበትን ቦታና ቀን ይጽፋል። በሜዳ የሚበቅለው ኦርኪድ ግን የሚያብበው በዝናም ወራት ነው፤ ድንች የመሰለው ሥሩም ውሃ ስለሚይዝ ቶሎ አይደርቅም። በሐምሌ ጭጋግ ወረቀት ማድረቅ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የደጋ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል!

ከላካቸው መካከል በስሙ ከተጠሩት ሁለቱ ሀቤናሪያ ሺምፔሪያናና ሳቲሪየም ሺምፔሪ ይባላሉ። የመጀመሪያው እርጥብ ሣር ያለበትን ጨፌ ይወዳል፤ ሁለተኛው በደጋ ሣር መካከል ይገኛል። እኔ የምለያቸው በአበባው ጀርባ ባለው ጭራ ነው። ሀቤናሪያ አንድ ጭራ ሲኖረው ሳቲሪየም ግን ሁለት አለው፤ ከንፈሩም እንደ ቆብ ወደ ላይ ሆኖ ይታያል።

በ1863 ሺምፐር በደብረ ታቦርና በጋፋት ለቀመ። ይህ ለእኛ ጎረቤት አገር ነው። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲሞቱ ከተለቀቁት አውሮፓውያን አንዱ ሺምፐር ነበረ። ወደ አገሩ መሄድ ሲችል አልሄደም፤ በ1878 ዐድዋ ላይ ሞተ። መንገድ የመሩትና ሸክም የተሸከሙት ሰዎች ስም ግን በዕፁ ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ይህ እኔን ቅር ይለኛል።

በ1943 የበርሊን የዕፅዋት ቤት በቦምብ ሲቃጠል ብዙ የደረቀ ዕፅ ጠፋ። የሺምፐር ልቅም ግን ለብዙ ከተሞች ተከፋፍሎ ስለነበረ በሌሎቹ ዘንድ ተረፈ። የጨፌው ነገር እንዲህ አይደለም። ውሃው ተቀድዶ ከፈሰሰና ከታረሰ ሀቤናሪያ ሌላ ማደሪያ የለውም።

ስለዚህ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ያየነውን ኦርኪድ ቦታ፥ ቀንና የጭራውን ቁጥር በደብተር እንጽፋለን እንጂ አንነቅልም። ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ስንቅም ስለሌለው በአፈር ውስጥ ያለ ፈንገስ ካልመገበው አይበቅልም፤ ወደ ግቢያችን ብናዛውረውም ያን ፈንገስ ላያገኝ ይችላል።