ድምፃቸው በሸክላ የቀረላቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

በዚህ ዕትም የታዋቂ ሰዎች ታሪክ ዓምዳችን የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። መልካም ንባብ!

ነጋድራስ ተሰማ የተወለዱት በሸዋ፣ ምንጃር ውስጥ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1876 እስከ 1964 ድረስ ኖረዋል። ማሲንቆ ይጫወታሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ግጥም ደግሞ ከአፋቸው አይጠፋም። በተለይ ሰምና ወርቅ ላይ የሚያህላቸው አልነበረም ይባላል። ሰምና ወርቅ ማለት አንዱ ንግግር ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ ሲሆን ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተምረነዋል አይደል?

ታዲያ የኚህ ሰው ዘፈን እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ? ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ገባ። መኪና ከመጣ ደግሞ የሚነዳውና የሚጠግነው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ተሰማ መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። የሄዱት ለመኪና ነበር፤ የዘፈናቸው ሸክላ ግን ከመኪናው በላይ ስማቸውን አስጠራ።

በዚያን ጊዜ በርሊን በጣም ትልቅ ከተማ ነበረች። ሸክላ የሚያሳትሙ ድርጅቶችም ነበሩባት። ተሰማ እዚያ እያሉ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረፁ። በሸክላ ከተቀረፁት የኢትዮጵያ ዘፈኖች የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው ይባላል። ከዚያ በፊት በ1891 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ድምፅ ተቀርጿል። እሱ ግን ንግግር ነው፣ ዘፈን አይደለም።

ያኔ ድምፅ መቅረጽ እንደ ዛሬው ቀላል እንዳይመስላችሁ! ማይክራፎን አልነበረም። ዘፋኙ ትልቅ ቀንድ የሚመስል ነገር ፊት ይቆማል። ድምፁ በቀንዱ ገብቶ ስስ ነገር ያንቀጠቅጣል፤ ከእሱ ጋር የተያያዘች መርፌም ትንቀጠቀጣለች። መርፌዋ በሚሽከረከር ሰም ላይ ቀጭን መስመር ትጭራለች። ከዚያ ሰም ቅርጹ ተወስዶ ሸክላው ይታተማል። ፎቶ አንሺ የሰውን ፊት በብርሃን እንደሚይዝ ሁሉ፣ ይህ መሣሪያ ድምፅን በመርፌ ይይዛል።

የሸክላው አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አዝማሪ አገር ቤት ሲዘፍን ግን ሰዓት አይቆጥርም። ሰሚው ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ይቀበላል፣ ይሳቃል፣ ይሸለማል፣ እንዲህ እያለ ሌሊቱ ይነጋል። በርሊን ውስጥ ግን አማርኛ ሰምቶ የሚስቅ ታዳሚ ከየት ይመጣል? ዘፋኙ የሚያየው ቀንዱን ነው። ከተሳሳተም ያ ሰም ተበላሸ ማለት ነው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፈው ነው ሸክላዎቹ የወጡት።

ተሰማ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከልጅ ኢያሱ ጋር በጣም ተቀራረቡ፤ ነጋድራስ የሚል ማዕረግም አገኙ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነው። ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ወዳጃቸው ተሰማም ደስታቸው በዚያው አበቃና መከራ ቀመሱ። ያም ሆኖ ግጥሙ ከእሳቸው አልተለየም።

በ1914 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ይድነቃቸው የሚባል ልጅ ወለዱ። ኳስ የምትወዱ ተማሪዎች አሁን አወቃችሁ! እኚህ ይድነቃቸው ተሰማ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተጫወቱት፣ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስትበላ አሠልጣኝ የነበሩት፣ በኋላም እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ናቸው። ልጁ በኳስ፣ አባት በዘፈን ታወቁ።

ነጋድራስ ተሰማ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ሸክላዎቹ ግን በኋላ ወደ ሲዲ ተገልብጠው ዛሬም ይሰማሉ። በእሳቸው ዘመን በአገራችን ስንትና ስንት ጎበዝ ዘፋኝ ነበረ! ሠርግ ያደመቁ፣ ለቅሶ ያስለቀሱ፣ ደቦ ላይ ያዜሙ። የአብዛኞቹ ድምፅ ግን ከራሳቸው ጋር ተቀበረ፤ ስማቸውን እንኳ የሚያውቅ የለም። ያነሱ ስለሆኑ አይደለም፣ የቀረጻቸው ስላልነበረ ነው።

እኛ እንሴኖ ውስጥም ቢሆን ለአረፋና ለመስቀል ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ቤቱ በጭፈራ ይሞላል። አያቶቻችን የሚያውቁትን ዜማ እኛ ሁሉንም አናውቀውም። ዛሬ ደግሞ ቀንድም ሰምም አያስፈልግም፤ የአባባ ወይም የእማማ ስልክ ይበቃል። ስለዚህ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን እንዲህ ይላል፦ መጀመሪያ አስፈቅዱ። ፎቶ አንሱ፣ ድምፁንም ቅረጹ። ከዚያ የዘፋኟን ወይም የዘፋኙን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በደብተር ጻፉ። ያልገባችሁ ቃል ካለ እዚያው ጠይቁ፤ በኋላ የሚነግራችሁ ላይገኝ ይችላል። የሰበሰባችሁትን ለክበባችን አምጡ፤ በሰልፍ ሰዓት እናሰማዋለን።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!