ዐፄ ፋሲልና የባሕሩ በር

ፋሲለደስ የተወለዱት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1603፣ በሸዋ ምድር መገዘዝ በተባለው ስፍራ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) አባታቸው ሱስንዮስ በዚያን ጊዜ ገና ዙፋን የሚፈልጉ፣ ከአገር አገር የሚንከራተቱ ልዑል ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1602፣ የሆላንድ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን አቋቁመው ነበር። በስደት ላይ ባለ መስፍን ቤት ሕፃን መወለዱና በሩቅ አገር የነጋዴዎች ማኅበር መቋቋሙ ምንም የሚያገናኛቸው ነገር ያለ አይመስልም። ዳሩ ግን ሕፃኑ አድጎ በነገሠበት ዘመን የሕንድ ውቅያኖስ ጌትነት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲዛወር ነበርና፣ የጎንደር መንግሥት አካሄድም ከዚያ ለውጥ ጋር የተሳሰረ ሆነ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ በ1498 ካሊከት ሲደርስ፣ በርበሬና ቅርንፉድ ከሕንድ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ካይሮና ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያም ወደ ቬኒስ ይጓዝበት የነበረው ጥንታዊ መንገድ ተወዳዳሪ መጣበት። ፖርቱጋሎች ጎዋን በ1510፣ ማላካን በ1511፣ ሆርሙዝን በ1515 ያዙ። አደንን ግን በ1513 ሞክረው አልቻሉም፤ ስለዚህ የቀይ ባሕር አፍ ሳይዘጋላቸው ቀረ። በባሕሩ ማዶ ያለች ክርስቲያን አገር ለእነርሱ የምታስፈልገው ለዚሁ ነበር። በ1520 መልእክተኞቻቸው ምጽዋ ወረዱ፤ በ1541 ደግሞ የቫስኮ ልጅ ክሪስቶፎሮስ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ከግራኝ ጋር ለሚደረገው ጦርነት መጣ። ኢትዮጵያ በዚያ ርዳታ ተጠቀመች። ነገር ግን ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ስለ ያዙ፣ ከጎዋ የሚመጣው ርዳታም ሆነ ከደጋ የሚወርደው ንግድ በእነርሱ ፈቃድ ሥር ወደቀ።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ሲቀበሉ፣ ከእምነቱ ጋር የጎዋን ጦር ተስፋ ማድረጋቸው የታወቀ ነው። ጦሩ አልመጣም። የመጡት ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝና ተከታዮቻቸው ናቸው፤ በአገሩም እርስ በርስ መተላለቅ ሆነ። ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ሽማግሌው ንጉሥ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ፋሲልም ዓለም ሰገድ ተብለው በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነገሡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ዘወትር ባጭሩ ይነገራል፤ ይኸውም ንጉሡ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፣ በሩን ዘጉ፣ አገሪቱም ለብቻዋ ተቀመጠች የሚል ነው። ማባረራቸው እውነት ነው። ካህናቱ በመጀመሪያ በትግራይ ወደ ፍሬሞና ተላኩ፤ በ1634 ከአገር ወጡ፤ ሜንዴዝም በሱዋኪን በቱርኮች እጅ ቆይተው ዋጃቸው ተከፍሎ ጎዋ ገቡ። ከእነርሱ አንዱ ጄሮኒሞ ሎቦ ወደ ፖርቱጋል ሄዶ በጦር ኃይል እንዲመለሱ ለመነ። እንግዲህ የንጉሡ ፍርሃት ባዶ አልነበረም። ከሱዋኪንና ከምጽዋ ፓሻዎች ጋር ተስማምተው ከአውሮጳ የሚመጣ ካህን እንዳያልፍ አደረጉ። ውሉ የተፈጸመው ግን በጭካኔ ነው፤ በ1638 ሁለት የካፑቺን መነኮሳት በጎንደር ተሰቀሉ፣ በ1648 ደግሞ ሌሎች ሦስት በሱዋኪን ተገደሉ። ይህን ከሚያወድሷቸው ጸሐፊዎች ብዙዎቹ በዝምታ ያልፉታል፤ ማለፍ ግን አይገባም።

ይሁንና ባሕር የሌለው ቤተ መንግሥት ምን ይለብሳል፣ በምንስ ይዋጋል? ፋሲል በ1636 ጎንደርን መቀመጫቸው ሲያደርጉ የመረጡት ከተማ የሲራራ መንገዶች የሚገናኙበት ነበር። ከሁሉም የከበደው የሰሜኑ መንገድ ነው። ነጋዴው ከጎንደር ተነሥቶ በወገራ ደጋ ደባርቅ ይደርሳል፤ ከዚያ የሊማሊሞን ገደል በእግሩ እየተንፏቀቀ፣ በቅሎውን በጭራዋ እየያዘ ይወርዳል፤ በዛሪማ በኩል አዲ አርቃይ ሲገባ ከብርድ ወደ ሙቀት ተሻግሯል። ጭነት ተራግፎ የገጣባ ከብት የሚታከምበት፣ ለተከዜ መሻገሪያ ስንቅ የሚዘጋጅበት እንዲህ ያለው ከገደሉ ሥር ያለ አገር ነው። ተከዜ በክረምት ሲሞላ ደግሞ መጠበቅ ግድ ነው። ከወንዙ ማዶ ሽሬ፣ ዓድዋ፣ ድባርዋ፣ በመጨረሻም ምጽዋ። የሚወርደው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ ሲሆን፣ የሚወጣው የሕንድ ጨርቅ፣ ሐርና ልዩ ልዩ ጌጥ ነበር። ሰው ከዝሆን ጥርስ ጋር በአንድ ሒሳብ መቆጠሩን የዘመኑ ነጋዴ እንደ ነውር አላየውም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር ሲወጣ በአዲ አርቃይና በሊማሊሞ አልፏል፤ በኬላው ቀረጥ ምክንያት የደረሰበትንም ውጣ ውረድ በመጽሐፉ ዘርዝሯል።

በመንገዱ ላይ ያለውን ኬላ ንጉሡ ያዝዙበታል፤ በመንገዱ መጨረሻ ያለው ግን የቱርክ ነው። ፋሲል ይህን ቀንበር ለማቅለል ያደረጉት ሙከራ ከሕይወታቸው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ክፍል ነው። የመኖች ቱርኮችን ከአገራቸው አስወጥተው ስለ ነበር፣ ንጉሡ በ1642 ለየመን ኢማም ደብዳቤ ላኩ፤ በ1647ም ደገሙ። የፈለጉት ንግዱ ምጽዋን ትቶ በአፋር ጠረፍ በቤይሉል ወደብ በኩል እንዲሄድ ነው። ፓትርያርክ ሜንዴዝ በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በዚሁ በቤይሉል እንደ ነበር ሲታሰብ ነገሩ ያስገርማል። ኢማሙ ግን ንጉሡ ሊሰልሙ ያሰቡ መስሏቸው ሐሰን አል ሐይሚ የተባለውን ሊቅ ላኩላቸው። መልእክተኛው በአፋር በረሃ ብዙ መከራ አይቶ በ1648 ጎንደር ሲደርስ ስለ ሃይማኖት የሚነጋገረው አጣ፤ ንጉሡ የሚያወሩት ስለ ወደብ ነበር። ሁለቱ ሳይግባቡ ተለያዩ፤ ቤይሉልም የጎንደር ወደብ ሳትሆን ቀረች። አል ሐይሚ በጻፈው የጉዞ ታሪክ ውስጥ ግን አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፤ የፋሲልን ግንብ የሠራው ሕንዳዊ ግንበኛ መሆኑን መስክሯል። እንግዲህ ፖርቱጋሎች ተባረሩ እንጂ፣ መርከቦቻቸው ያቀራረቡት ዓለም ጥበብ በኖራና በድንጋይ ጎንደር ላይ ቆሞ ቀርቷል።

በዚህ መካከል የፖርቱጋሎች ኃይል በውቅያኖሱ ላይ ይሟሽሽ ነበር። ሆርሙዝን በ1622 ለፋርሶችና ለእንግሊዞች፣ ማላካን በ1641 ለሆላንዶች፣ ሙስካትን በ1650 ለዑማን ዐረቦች አስረከቡ። ንጉሡ ይህን ሁሉ የሚሰሙት ከነጋዴዎች ነው፤ ከእነዚህም ዋነኛው ኾጃ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነበር። አርመናዊ በመሆኑ በሃይማኖት ለጎንደር ቅርብ ነው፣ ሮማዊ አይደለም፣ በእስላም ወደቦችም ያለ ችግር ያልፋል። ለአምባሳደርነት ከዚህ የተሻለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ፋሲል እርሱን ከአንድ እስላም ነጋዴ ጋር ወደ ሞጎሉ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ ላኩት። መልእክተኞቹ ሱራት ወደብ ሲደርሱ የማራታው መሪ ሺቫጂ በ1664 ከተማዋን ዘረፈ፤ የእነርሱም ንብረት አብሮ ተወሰደ። ያም ሆኖ የቀራቸውን ይዘው ዴልሂ ገቡ። በዚያ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ በርኒየ ስላዘኑት እንግዶች ጽፏል። አውራንግዜብም የክብር ልብስና ገንዘብ ሰጥቶ አሰናበታቸው።

የንጉሡ ዘመን በውጭ ጉዳይ ብቻ አላለፈም። በላስታ መልክአ ክርስቶስ ተነሥቶ ብዙ አስቸግሯቸዋል፤ ወንድማቸው ገላውዴዎስም ሸፍቷል፤ የነገሥታቱ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ በወኅኒ አምባ መጋዝ የተጀመረው በእርሳቸው ጊዜ ነው። የገዛ ልጃቸው ዳዊትም በመጨረሻ ዓመታቸው ዐምፆ ወደዚያው ተላከ። በጥቅምት 1667 በአዘዞ ዐረፉ፤ በጣና ሐይቅም በዳጋ እስጢፋኖስ ተቀበሩ።

ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ በ1668 ባደረጉት ጉባኤ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ታዘዘ። ንግዱን የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው እነርሱ ነበሩና ከሲራራው ግን አልወጡም። ሙራድ ደግሞ ለዐፄ ዮሐንስ፣ ከዚያም ለዐፄ ኢያሱ ደብዳቤ ተሸክሞ እስከ ባታቪያ ድረስ ተመላለሰ፤ በዚያ የሚቀበለውም ንጉሡ በተወለዱበት ዋዜማ የተቋቋመው የሆላንዶች ኩባንያ ነበር። ከወሰዳቸው ገጸ በረከቶች መካከል የሜዳ አህዮች ይገኙባቸዋል፤ ሆላንዶችም መልሰው ወደ ጃፓን በገጸ በረከትነት ላኳቸው።