ነፋስን በሂሳብ የተከተለ ሊቅ

ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በአየር ጠባይ ትምህርት ስሙ የገነነ እንግሊዛዊ ነው። በሮቤና በጎባ ግን የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ፥ ታሪኩን ባጭሩ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። (ዘመኑን የምቈጥረው እንደ ፈረንጆች ነው።)

ሪቻርድሰን በ1881 በኒውካስል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ክዌከር ከሚባሉት፥ ጦር መያዝን ከማይፈቅዱት ክርስቲያኖች ወገን ነበሩ። ስለዚህ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ አልያዘም፤ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ቁስለኛ በመኪና ያመላልስ ነበር። ፋታ ሲያገኝ በብርድ ቤት ውስጥ፥ በድርቆሽ ክምር ላይ ተቀምጦ ሂሳብ ያሰላል። አሳቡ ነፋስንና የአየርን ግፊት በቁጥር ይዞ የሚመጣውን አየር አስቀድሞ ለማወቅ ነበር። የስድስት ሰዓቱን አየር ለማስላት ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀበት፤ የወጣውም ቁጥር ፈጽሞ የማይሆን ሆነ። በ1917 ደግሞ ጽሑፉ በውጊያ መካከል ጠፍቶ፥ ከወራት በኋላ ቤልጅግ ውስጥ ከከሰል ክምር ሥር ተገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው በተወው! እርሱ ግን ስሕተቱን ሳይደብቅ በ1922 በመጽሐፍ አሳተመው። በዚያው መጽሐፍ፥ 64,000 ሰዎች በአንድ ታላቅ አዳራሽ ተቀምጠው ነፋሱ ሳይቀድማቸው የሚያሰሉበትን ምኞቱን ጻፈ።

የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ በ1920 በአየር ሚኒስቴር ሥር ሲገባ፥ ከጦር ጋር ላለመተባበር ሥራውን ለቅቆ አስተማሪ ሆኖ ነበር። በ1926 ነፋስ በአየር ላይ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚበትን ጻፈ። ይህ ትምህርት ለመርዝ ጋዝ እንደሚያገለግል በተረዳ ጊዜ ግን ያላሳተመውን አጠፋ ይባላል። ከዚያ በኋላ የጦርነትን ምክንያት ሲመረምር ኖረ። በ1950 አሜሪካ ውስጥ ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር የ24 ሰዓቱን አየር በ24 ሰዓት ገደማ አሰላ። ሪቻርድሰን ይህን ለመስማት በቅቶ በ1953 ዐረፈ።

እኔን የነካኝ ያ የመበተን ነገር ነው። ስንዴያችንን የሚያጠፋው ዋግ በነፋስ የሚጓዝ ብናኝ ነውና። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳን፥ በ2013 የግንድ ዋግ ዲጋሉን እንዴት እንደጎዳ የባሌ ወላጆቻችን አይረሱትም። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ዋጉ ሳይስፋፋ ሲረጭ ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዘግይቶ የደረሰ ወሬ ለገበሬ ምን ይረባዋል?

በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ የተጀመረውን አሠራር ይገልጻል። ማሳ የሚጐበኙ ባለሙያዎች ያዩትን በስልክ ይልካሉ፤ ወሬው በኢንተርኔት መረብ ወዲያው እንግሊዝ አገር ይደርሳል። ሪቻርድሰን ትቶት የወጣው የዚያው መሥሪያ ቤት ታላቅ ኮምፒዩተር ነፋሱ ብናኙን የሚወስድበትን መንገድ ያሰላል፤ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም ለዋግ የሚመች ርጥበትና ሙቀት ያለበትን ቦታ ይለያሉ። ውጤቱ በየዕለቱ ወደ አገራችን የግብርና ተመራማሪዎች ይመለሳል። ከእነርሱም በግብርና ሠራተኞች በኩል ወደ ገበሬው ይወርዳል፤ እርሱም መርጫውን የሚያነሣበትን ቀን ይቈርጣል።