ልጆቿን ካሳደገች በኋላ ዓለምን የዞረችው የቪየናዋ እናት

በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሴት ከሞተች ከ160 ዓመት በላይ ሆኗታል። ስሟ ኢዳ ፋይፈር ይባላል፤ የኦስትሪያ ዋና ከተማ የቪየና ተወላጅ ናት። በ44 ዓመቷ ብቻዋን ከቤቷ ወጥታ፣ እስክትሞት ድረስ ዓለምን ሁለት ጊዜ ዞራለች። በእድሜዋ አንቱ ልንላት ይገባ ነበር፤ ታሪኳን ስናነብ ግን እንደ ታላቅ እህት ስለቀረበችን አንቱታውን ትተነዋል። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ኢዳ የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ድፍረቷ ነው። በማህበራችን ሂሳብ የምንይዝ ሰዎች ግን የማንንም ታሪክ ስናነብ አስቀድመን የምንጠይቀው ገንዘቡ ከየት መጣ ብለን ነው። የእሷ ታሪክ ደግሞ ይህን ጥያቄ በደንብ የሚመልስ ሆኖ አገኘነው።

የተወለደችው በ1797 ነው። አባቷ ሀብታም የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። በወንድሞቿ መካከል እንደ ወንድ ልጅ አደገች፤ የወንድ ልብስ ትለብስ፣ ከእነሱ ጋር ትሮጥ ነበር፤ አባቷም አልከለከላትም። በ9 ዓመቷ አባቷ ሞተ። እናቷ ቀሚስ አለበሰቻት፤ ፒያኖ እንድትማርም አስገደደቻት። ኢዳ ከፒያኖው ለማምለጥ ስትል ጣቷን ትቆርጥ ነበር ይባላል። ይህን ፒያኖ አትርሱት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ወጣት ሳለች አስተማሪዋን ወደደች፤ እናቷ ግን ሰውየውን አልፈለገችውም። በ1820፣ በ22 ዓመቷ፣ በ24 ዓመት የሚበልጣት ፋይፈር የሚባል ጠበቃ አገባች። ኑሯቸውም ዛሬ በዩክሬን በምትገኘው ለምበርግ፣ በአሁኑ ስሟ ልቪቭ፣ ሆነ። ሰውየው ቅን ሰው ነበር። ጉቦኛ ባለሥልጣኖችን በማጋለጡ ግን ጠላት አፈራና ሥራውን አጣ፤ ጉዳዩን ይዞ ወደ እሱ የሚመጣ ባለጉዳይም ጠፋ። ሁለት ወንዶች ልጆች ተወልደው ነበር። በሀብት ያደገችው ኢዳ ለልጆቿ ደረቅ ዳቦ ብቻ የምታቀርብበት ቀን መጣ። ሰው እንዳያውቅባት ተደብቃ የሥዕልና የሙዚቃ ትምህርት እያስተማረች ቤቱን ያዘች። ይህን ዓይነት ኑሮ ለአባሎቻችን ማስረዳት አያስፈልገንም። ጨዋነት ጠብቆ መቸገር ከሁሉ የከፋ ችግር ነው።

በ1831 እናቷ ስትሞት ጥቂት ውርስ ደረሳት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለልጆቿ ትምህርት ብላ ወደ ቪየና ተመለሰች፤ ባሏ ለምበርግ ቀረ። አንድ ጊዜ ከልጇ ጋር ትሪየስት ወደተባለችው የወደብ ከተማ ሄዳ ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ከዚያ ቀን በኋላ ልቧ ቤት አልተቀመጠም። ቢሆንም ልጆቿ ተምረው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ከቪየና አልወጣችም፤ ውርሱንም በቁጠባ አቆየችው።

መጋቢት 22 ቀን 1842 በዳኑብ ወንዝ በሚሄድ የእንፋሎት መርከብ ተነሳች። ለዘመድ አዝማድ የነገረችው ቁስጥንጥንያ ያለች ወዳጇን ልትጠይቅ እንደምትሄድ ነበር። እውነተኛ አሳቧ ግን ኢየሩሳሌም ነበር። ኢየሩሳሌምን ተሳለመች፤ ቤይሩትን፣ ደማስቆን፣ ካይሮን አየች፤ በዓመቱ መጨረሻ በጣሊያን በኩል ተመለሰች።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ቤይሩት የሚለውን ስም ያልሰማ ቤት በእኛ አገር የለም። ብቻዋን መንገድ የምትወጣ ሴት ለእኛ ብርቅ አይደለችም። የእኛዎቹ ግን የሚሄዱት ለእናት ለአባት፣ ለታናናሾቻቸው ትምህርት ብለው ነው። ኢዳ የሄደችው ለራሷ ነው፤ ማየት ስለፈለገች ብቻ። ይህን ስናነብ አንዳንዶቻችን ቅር ብሎናል፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ቀንተናል። ሃያ ዓመት የሰው ዕዳ ከተሸከመች በኋላ የቀረውን እድሜዋን ለራሷ ማዋሏ ራስ ወዳድነት ነው ለማለት ግን እኛ አፋችን አይታዘዝም።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። በጉዞዋ ላይ በየቀኑ ማስታወሻ ትይዝ ነበር። ማስታወሻው በ1844 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ ከመጽሐፉ ያገኘችው ገንዘብ ደግሞ በ1845 ወደ አይስላንድ ወሰዳት። ከዚያ በፊት እንግሊዝኛና ዴንማርክኛ ተማረች። በየአገሩ ነፍሳት፣ ዓሣ፣ እፅዋት እየሰበሰበች ለቪየናና ለለንደን ሙዚየሞች ትሸጥ ነበር። እንግዲህ ጉዞው መጽሐፍ ሆነ፣ መጽሐፉ ጉዞ ሆነ፣ በመንገድ የተያዘችው ቢራቢሮም ለስንቅ ሆነች። ዛሬ ለአባሎቻችን ስለ ተዘዋዋሪ ብድር ስናስረዳ የምንለው ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ወጪዋን ደግሞ እዩት። ርካሽ የሆነውን ትመርጣለች፤ ሰው የሚጋብዛትን ማደሪያ አትንቅም። ከሆንግ ኮንግ ወደ ካንቶን ስትሄድ የእንፋሎት መርከቡ ስለተወደደባት በቻይናዎች የሸራ ጀልባ ተሳፈረች። እዚያ የነበሩ አውሮፓውያን እንዴት በሕይወት ደረስሽ ብለው ተገረሙ። ከባግዳድ ወደ ሞሱል ከቅፍለት ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ሄደች፤ ማደሪያዋ መሬት ነበር። ከሞሱል ወደ ታብሪዝ ከመነሳቷ በፊት ደግሞ መንገዱ አስጊ ነው ሲሏት ጉዞውን አልተወችም፤ ብትገደል እንኳ ጽሑፉ እንዲተርፍ ብላ ማስታወሻዋን አስቀድማ ወደ አገሯ ላከች። ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ያላት ሴት ግድ የለሽ ናት የሚሉ ሰዎች በደንብ አላነበቧትም።

ይህ ሁሉ በመጀመሪያው የዓለም ዙሪያ ጉዞዋ ነው። በ1846 ተነስታ በብራዚል፣ በቺሊ፣ በታሂቲ፣ በቻይና፣ በሴሎን፣ በህንድና በፋርስ አድርጋ በ1848 ኅዳር ውስጥ ቪየና ገባች። ብራዚል ውስጥ ከአንድ የመንገድ ጓደኛዋ ጋር በእግር ስትሄድ ቢላ የያዘ ሰው አደጋ ጣለባቸው። በጃንጥላዋ ተከላከለች፤ ጃንጥላው ሲሰበር በኪሷ በነበረው ሰንጢ ታገለች፤ ክንዷ ላይ ቆሰለች፤ ፈረሰኞች ደርሰው አዳኗት። ሰውየው ባሪያ ነበር፤ ጌታው ስለቀጣው በነጮች ላይ ቂም ይዞ ኖሯል።

እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ጥቁሮችና ስለ ሌሎች ሕዝቦች የጻፈችው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። መልካቸውን የምታንቋሽሽበት፣ እንደ ዘመኗ አውሮፓውያን ከላይ ሆና የምትፈርድበት ገጽ ብዙ ነው። ይህን ደብቀን ልናሞግሳት አንፈልግም። ግን አብራ ስትኖር የምትለወጥበትም ጊዜ ነበር። በሁለተኛው ጉዞዋ ቦርኒዮ ደሴት ላይ የሰው ራስ ይቆርጣሉ ከሚባሉት ከዳያኮች ጋር ሰነበተች። ሐቀኞችና ጨዋዎች ሆነው አገኘቻቸው፤ በጦርነት የሚጨራረሱት አውሮፓውያን በእነሱ ላይ ሊፈርዱ እንደማይገባም ጻፈች።

ሁለተኛው ጉዞ ከ1851 እስከ 1855 ነው። የኦስትሪያ መንግሥት 1,500 ጉልደን ረዳት። ደጋፊዎቻችን አትቀየሙን እንጂ፣ ርዳታው የመጣው በራሷ ገንዘብ ዓለምን አንድ ጊዜ ዞራ ካሳየች በኋላ ነው! ሱማትራ ውስጥ ሰው ይበላሉ ወደተባሉት ወደ ባታኮች ምድር ዘለቀች። ከዚያ ቀደም፣ በ1834፣ ሁለት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን እዚያ ተገድለዋል። የታጠቁ ሰዎች ከበቧት፤ አንገቷን እንደሚቆርጡና እንደሚበሏት በምልክት አሳዩዋት። እሷ በተሰባበረ ቋንቋቸው አሮጊት ስለሆንኩ ሥጋዬ ጠንካራ ነው፣ አይበላላችሁም አለቻቸው። ሳቁና አሳለፏት። ከዚያ በካሊፎርኒያ፣ በፔሩ፣ በኢኳዶርና በኒው ዮርክ አድርጋ ተመለሰች። በሕይወት ዘመኗ በየብስ 32 ሺህ፣ በባሕር 240 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘች ይገመታል።

የበርሊን የጂኦግራፊ ማህበር የክብር አባል አደረጋት፤ የፕሩሺያ ንጉሥም የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። የለንደኑ ማህበር ግን ሴት ስለሆነች አልተቀበላትም። ከአባሎቹ መካከል እሷ የሄደችበትን ግማሹን ያልሄዱ ስንቶች እንደነበሩ መገመት አያቅትም።

የመጨረሻ ጉዞዋ ወደ ማዳጋስካር ነበር። በ1857 አብሯት የነበረው ላምበር የሚባል ፈረንሳዊ ንግሥት ራናቫሎናን ለመገልበጥ ከሚያሴሩት ጋር ነበር፤ ሴራው ሳይወጣም ኢዳን ቤተ መንግሥት ይዟት ገባ። እዚያም ፒያኖ እንድትጫወት ታዘዘች። በልጅነቷ ጣቷን የቆረጠችለት ያ ፒያኖ እስከ ማዳጋስካር ተከተላት ማለት ነው፤ ለዚያውም ቅኝቱ የተበላሸ። ሴራው ሲጋለጥ ሁሉም ተባረሩ። በስምንት ቀን ሊያልቅ የሚችለውን ወደ ባሕር የሚወስድ መንገድ ሆን ተብሎ በ53 ቀን እንዲሄዱ አደረጓቸው። ረግረጉ የወባ አገር ነበር። ኢዳ በትኩሳት ነድዳ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህም አልዳነችም። ከማዳጋስካር ወደ አውስትራሊያ ለመሄድ አስባ ነበር።

በጥቅምት 1858 ቪየና ውስጥ በ61 ዓመቷ አረፈች። የማዳጋስካሩን ማስታወሻ በ1861 ያሳተመው ልጇ ኦስካር ነው፤ እሱ ሙዚቀኛ ነበር። በ1892 ደግሞ የሴቶች ትምህርት እንዲስፋፋ የሚሠራ አንድ የቪየና የሴቶች ማህበር ጉዳዩን ይዞ አጽሟ ወደ ከተማዋ ማዕከላዊ መካነ መቃብር፣ የክብር ሰዎች ወደሚያርፉበት ስፍራ፣ እንዲዛወር አደረገ።