የሎስ አንጀለስን ጭጋግ ምስጢር የገለጡት ኬሚስት

ደማም፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የብዙ የአሜሪካ ከተሞች አየር የተበከለ ቢሆንም፣ የብክለቱ ዓይነት ግን እንደየከተማው ይለያይ ነበር። በፒትስበርግና በሴንት ሉዊስ የድንጋይ ከሰል ጭስ ቀኑን ያጨልመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በፔንስልቬንያዋ ዶኖራ የፋብሪካ ጭስ በሸለቆው ውስጥ ታምቆ 20 ሰዎች ሞቱ። ሎስ አንጀለስ ግን የድንጋይ ከሰል እምብዛም የማይነድባት ከተማ ሆና ሳለ፣ ዓይን የሚያቃጥል ቡናማ ጭጋግ ይሸፍናት ነበር።

የዚህን ልዩነት ምክንያት ያወቁት ፕሮፌሰር አሪ ሃገን-ስሚት እ.ኤ.አ. በ1900 በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ከተማ ተወለዱ። በዚያው ኬሚስትሪ ተምረው በ1936 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በቀጣዩም ዓመት ፓሳዴና በሚገኘው የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ሥራ ጀመሩ። ሙያቸው የዕፅዋት ኬሚስትሪ ሲሆን፣ የአናናስን መዓዛ ይመረምሩ ነበር።

ጭጋጉ የአካባቢውን አዝመራ ማበላሸቱ ወደ አዲስ ምርምር መራቸው። የፍሬ መዓዛ በሚያጠራቅሙበት ዘዴ የከተማዋን አየር አቀዝቅዘው ቢይዙ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ቡናማ ፈሳሽ አገኙ። ከተሽከርካሪዎችና ከነዳጅ ማጣሪያዎች የሚወጡት ሃይድሮካርቦንና የናይትሮጅን ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ኃይል እርስ በርስ ተዋህደው ኦዞን እንደሚፈጥሩ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሳወቁ። ተራሮች የከበቧትና ፀሐይ የማይለያት ሎስ አንጀለስ ለዚህ የተመቸች ነበረች።

በነዳጅ ኢንዱስትሪው ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ግኝቱን ተቃወሙ። ፕሮፌሰሩ ግን የመዓዛ ምርምራቸውን ትተው እውነታውን በሙከራ ለማረጋገጥ ተነሡ። ኦዞን ጎማን የሚሰነጥቅ በመሆኑ፣ የተለጠጠ የጎማ ቁራጭ እንደ መለኪያ አገለገላቸው። በ1968 የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ሆኑ። በ1977 በሳንባ ካንሰር ሲያርፉ የ76 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

የሃገን-ስሚት ግኝት በሎስ አንጀለስ ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ የነዳጅ ጭስና ብርቱ ፀሐይ በሚገናኙበት ሁሉ ይሠራል። ፋብሪካዎችና ከባድ ተሽከርካሪዎች በበዙበት በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማና በአካባቢዋ ለሚሠሩ ወገኖችም ቁም ነገር አለው። የበረሃ አቧራ በዓይን ይታያል፤ ኦዞን ግን አይታይም። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ማለቱ ብቻ የአየሩን ንጽሕና አያረጋግጥም። ኦዞን በአብዛኛው ጠዋት ያንሳል፤ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ይበረታል። በሳዑዲ ዓረቢያ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ.) ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ከፀሐይ በታች መሥራት የተከለከለው ሠራተኛውን ከሙቀት ለመጠበቅ ነው። ከባድ የውጭ ሥራን ወደ ማለዳ ማድረግ ግን ለሳንባም ይበጃል፤ ይልቁንም አስም ላለበት ሰው።