መጽሐፍ ጠራዡ ማይክል ፋራዴይ

በአንዋር መስጊድ ሰፈር፣ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰ በወላጆቹ ሱቅ የማይቆም ተማሪ ጥቂት ነው። በሸቀጡ መካከል ተቀምጦ የነገውን ትምህርት የሚያጠናም አይጠፋም። ስለዚህ የዚህ ሊቅ ታሪክ ለእኛ ለመርካቶ ልጆች የሚቀርብ ይመስለኛል።

ማይክል ፋራዴይ በ1791 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) ለንደን አጠገብ ከአንድ ድኻ ቀጥቃጭ ተወለደ። ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ተምሮ፣ በ14 ዓመቱ መጻሕፍት ከሚሸጥና ከሚጠርዝ ነጋዴ ዘንድ ሙያ ለመልመድ ገባ፤ በዚያም ሰባት ዓመት ቆየ። የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበርና ስለ ኤሌክትሪክ ያወቀው ከዚያ ነው። በ1812 አንድ ደንበኛ የኬሚስትሪው ሊቅ ሐምፍሪ ዴቪ ትምህርት የሚሰጥበትን መግቢያ ቲኬት ሰጠው። ፋራዴይም የሰማውን ሁሉ ጽፎ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በማግሥቱ ዓመት በሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። የጥረዛ ሙያው በር ከፈተለት ማለት ነው።

በ1831 ከሚንቀሳቀስ ማግኔት ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ሁላችንም በክፍል ተምረናል። እኔ የምወደው ግን የ1845ቱን ሥራ ነው። ብርሃንና ማግኔት ዝምድና ሳይኖራቸው አይቀርም ብሎ ያምን ነበር፤ ደጋግሞ ቢሞክርም ምንም አላየም። በመጨረሻ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ለመነጽር ሥራ ሲደክምበት ያቀለጠውንና ብዙም ያልጠቀመውን፣ እርሳስ ያለበት ከባድ መስተዋት ከመደርደሪያ አወረደ። ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወዛወዝ ብርሃን በውስጡ አሳልፎ ማግኔቱን ሲያበራ፣ የውዝወዛው አቅጣጫ ዞረ! የራዲዮ አንቴናን አንድ ጊዜ አቁሞ አንድ ጊዜ አጋድሞ ድምፁ ሲለወጥ የሰማ ሰው፣ የሞገድ አቅጣጫ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል።

የናይትነት ማዕርግ ሊሰጡት ቢፈልጉ እምቢ አለ። በ1862 የነበልባልን ብርሃን በማግኔት መካከል መርምሮ ለውጥ አላገኘም፤ በ1896 ዚማን የተባለ ሆላንዳዊ በተሻለ መሣሪያ አገኘው። ፋራዴይ ግን በ1867 ሞቶ ነበር።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው መሐንዲስ ካርል ጃንስኪ ከከዋክብት መካከል የራዲዮ ሞገድ እንደሚመጣ ደረሰበት። ይህን ሞገድ የሚለቁት በማግኔት መስክ ውስጥ እየተጠማዘዙ የሚሮጡ ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ስለዚህ ከፊሉ አንድ የውዝወዛ አቅጣጫ ይዞ ይነሣል፤ ይህም በ1962 በሆላንድና በእንግሊዝ አገር ተረጋገጠ። ሞገዱ ወደ እኛ ሲጓዝ በከዋክብት መካከል ያለው ስስ ጋዝና ማግኔት ልክ እንደ ፋራዴይ መስተዋት ያዞረዋል፤ የሞገዱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን መዞሩ አራት እጥፍ ይሆናል። ሊቃውንት በልዩ ልዩ የሞገድ ርዝመት ዙረቱን እያነጻጸሩ፣ መስኩ ወደ እኛ ይምጣ ወይም ከእኛ ይሽሽ ይለያሉ። በሆላንድ ሜዳ የተተከሉት የሎፋር አንቴናዎች በረጅም ሞገድ ባነሡት ካርታ፣ ለፀሐይ ቅርብ በሆነው ሰማይ እንደ ክር የተዘረጉ ቅርጾች ታይተዋል።

በአራት ኪሎ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብሰርቫቶሪ የምድራችንን ማግኔት መለካት የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በከዋክብት መካከል ያለው ማግኔት በዚያ ከሚለካው ወደ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል። ቢሆንም መንገዱ እጅግ ረጅም ስለ ሆነ፣ ሞገዱ እዚህ እስኪደርስ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ሲዞር ይመጣል።