ፍሎረንስ፤ ከባሪያ ገበያ እስከ ነጭ ዓባይ

ስለ ዓባይ ባነበብኩ ቁጥር ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ አላጣም። በዚያው ጀልባ ላይ ስለነበረችው ሴት ግን ብዙም ሲወራ አልሰማም። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግኩት እሷን ነው፤ ፍሎረንስን።

የተወለደችው ዛሬ ሩማንያ ውስጥ በሚገኘው ትራንሲልቫንያ ነው። በ1848ቱ የሃንጋሪ አብዮት ትርምስ ቤተሰቧን አጣች። እ.ኤ.አ. በ1859 ሳሙኤል በዳኑብ ወንዝ ሲጓዝ ጀልባው በበረዶ ተጎዳችና ቪዲን የምትባል የቱርኮች ከተማ ወረደ። ፍሎረንስን ያያት እዚያ ነው፤ የባሪያ ገበያ ውስጥ፣ ለሽያጭ ቀርባ! ገና ወደ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እሱ ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት የአራት ሴቶች ልጆች አባት ነው። እንደሚተረከው፣ በቃ ይዟት ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1861 ሁለቱ ከካይሮ ተነስተው ዓባይን በጀልባ ሽቅብ ተጓዙ። ከዚያ በረሃውን በግመል አቋርጠው አትባራ ወንዝ ደረሱ። ወንዙ ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሰኔ ላይ አንድ ሌሊት ግን እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ቀሰቀሳቸው። ሲነጋ አሸዋው የለም፤ ወንዙ ሞልቷል! የእኛ ደጋ ክረምት የላከው ውሃ ነበር። እነ ተከዜንና አንገረብን አንድ ዓመት ያህል ሲከተሉ ቆይተው፣ ግብፅን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍም ደለሉም ከኢትዮጵያ እንደሚሄድ በዓይናቸው አረጋገጡ።

በ1862 መጨረሻ ከካርቱም ሦስት ጀልባዎችና ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ይዘው በነጭ ዓባይ ጉዞ ጀመሩ። ሽርሽር እንዳይመስላችሁ! ረግረጉ ማለቂያ የለውም፣ ነፋስ ሲጠፋ ጀልባው በገመድ ይጎተታል፣ ትንኙ እንቅልፍ አያስተኛም። ጀርመናዊ ረዳታቸው መንገድ ላይ ሞተባቸው። ከአርባ ቀን በላይ ተጉዘው የደረሱባት ጎንዶኮሮ ደግሞ የባሪያ ፈንጋዮች ሠፈር ነበረች። አስቡት እስቲ፤ ከባሪያ ገበያ ያመለጠች ልጅ ያን ሁሉ ወንዝ አቋርጣ የጠበቃት ያው ገበያ ነው።

እዚያ ቅጥር ወታደሮቻቸው አመፁ። ሳሙኤል ታሟል፣ ጠመንጃ ተደግኗል። መሃል ገብታ ነገሩን ያበረደችው እሷ ነች። ከዚያ በኋላ በየብስ ሲጓዙ ፀሐይ መትቷት ለቀናት ራሷን ሳተች፤ ሰዎቹ መቃብሯን ሊቆፍሩ ተዘጋጅተው ነበር። ግን ነቃች። መጋቢት 1864 ሳሙኤል አልበርት ብሎ የሰየመው ሐይቅ ላይ አብራው ቆመች። ሐይቁ እኮ ድሮም የራሱ ስም ነበረው፤ ሉታ ንዚጌ ይባል ነበር።

ሲመለሱ ጀልባቸው ውስጥ ወረርሽኝ ገባ። ከባርነት ያመለጠና ፍሎረንስ እንደ ልጇ ያሳደገችው ሳአት የሚባል ታዳጊ ካርቱም ሳይደርስ ሞተ።

በ1865 ለንደን ውስጥ ተጋቡ። በማግስቱ ዓመት ሳሙኤል ሰር ተባለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ፍሎረንስን ቤተ መንግሥቷ አላስገባቻትም፤ ሳይጋቡ አብረው ኖረዋል ተብሎ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሸጧት ሰዎች ነውር አልተቆጠረም፤ የእሷ ኑሮ ግን ተቆጠረ።

እሷ ግን ቤቷ አልተቀመጠችም። በ1869 የግብፁ ገዢ እስማኤል የባሪያ ንግድን እንዲያስቆም ሳሙኤልን ሲቀጥረው አብራው ወደዚያው ወንዝ ተመለሰች። ተልዕኮው የግብፅን ግዛት ማስፋትም ስለነበረበት ንጹሕ ነው አልልም። ቢሆንም ባሪያ ወደሚጫንበት ወደብ በራሷ ፈቃድ መመለሷ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሳሙኤል በ1893 ሞተ፤ እሷ በ1916። ከእንግዲህ ስለ ዓባይ አሳሾች ስታነቡ፣ በጀልባው ላይ ሁለት ሰው እንደነበረ አትርሱ።